የሁዳዴው ዘይት

ባለፈው ሳምንት ከቅዳሜ ገበያ በባጃጅ ስመለስ፣ እግሬ ሥር የተቀመጠ የሰው ጀሪካን ክዳኑ ላልቶ ኖሮ ነጠላዬን አራሰው። ባለቤቱ፣ አንድ ጎረምሳ ነጋዴ፣ "ይቅርታ እማማ፣ አጥቤ እሰጥዎታለሁ" እያለ ተርበተበተ። እኔ የነጠላዬን ጫፍ ወደ አፍንጫዬ አስጠግቼ አሸተትኩት። ኑግ ነው። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ከባሕር ማዶ የመጣ ሽታ የለሽ ነገር አይደለም፤ በልጅነቴ ከአባቴ ልብስ ላይ ሳሸትተው ያደግኩት የኑግ ዘይት ነው። "ተወው ልጄ፣ እንኳን ፈሰሰ" አልኩት። ሾፌሩ በመስተዋቱ አየኝና ፈገግ አለ። አሮጊቷ ጃጅታለች ብሎ ነው። ይበል፣ እኔም በሱ ዕድሜ ሽማግሌ ሲያወራ እንዲሁ እል ነበር።

እኔ የአዲስ ዓለም ልጅ ነኝ፤ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምረው በንግድ የኖሩት የጎንደር እስላሞች ሰፈር ልጅ። አባቴን አገሬው አያ ሱሌማን ይለዋል። ጓሯችን ውስጥ በግመል የሚዞር የኑግ መጭመቂያ ነበረን። ግመሏ ዓይኗ በጨርቅ ታስሮ ቀኑን ሙሉ ትዞራለች፣ ግንዱ ያቃስታል፣ ዘይቱ ጠብ ጠብ ይላል። ከጣሊያን በኋላ ያለው ጊዜ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፣ እሱን የሚያውቁ የተማሩ ሰዎች ሞልተዋል። እኔ የማውቀው በስሙኒ ምን ይገዛ እንደነበር ነው። በስሙኒ የሰባ ዶሮ ይዘሽ ትገቢያለሽ። ሽልንግ ካለሽማ ሻሽ ገዝተሽ ለሳሙና ይተርፍሻል። አቡጀዲ ቀሚስ ለብሳ፣ አዲስ ሻሽ አስራ በፒያሳ የምታልፍ ልጅ፣ ፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ የተቀመጠውን ወንድ ሁሉ ቀና ታሰኛለች። ከነዚያ አንዷ እኔ ነበርኩ፤ ዛሬ ይህን ጉልበቴን እያሸሁ ስናገር ማን ያምነኛል።

ያኔ ጎንደር ስትነቃ በዓይናችን እያየን ነው። ጣሊያን ጥሎት የሄደው ትሬንታ ኳትሮ የሚባለው የጭነት ማኪና እያጓራ ቆዳውን፣ ሰሙን፣ ኑጉን ጭኖ በሊማሊሞ ቁልቁል ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ሲመለስ ጨርቅ፣ ላምባ፣ የቤት ክዳን ቆርቆሮ ጭኖ ይመጣል። ካኪ የለበሰ ወታደር በሱቃችን ፊት ሲያልፍ አባቴ በአገጩ እያሳየ "ያ ሱሪ አምና ኑግ ነበር" ይለኛል። ከዚያ ጣቱን በአየር ላይ እያዞረ ያስረዳኛል፤ ዕቃው ኬላ ላይ ይቀረጣል፣ ቀረጡ መንግሥት ዘንድ ይገባል፣ መንግሥት ወታደሩን ያለብሳል፣ ደሞዝ ይሰጠዋል፣ ወታደሩ ደሞዙን ይዞ ወደኛ ሱቅ ይመጣል። "አየሽ፣ እንደኛ ግመል ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው" ሲል እናቴ ከጓዳ ትሰማውና፣ "ግመሏስ ጭዷን ታገኛለች፤ አንተ ምን አገኘህ?" ትለዋለች። እናቴ ፋጡማ ምላሷ እንደ ሚጥሚጣ ነበር፤ ነፍሷን ይማርና፣ እኔም የወረስኩት እሱን ነው።

ወታደር ከገበያ ገዝቶ በላ ማለት ዛሬ ለሚሰማው ተራ ነገር ነው። ለኛ ግን ጉድ ነበር። ቀድሞ ወታደር ቀለቡ በገበሬው ቤት ነው። ተሰሪ ይሉታል፤ መጥቶ ይሰፍራል፣ ያበሉታል፣ ያጠጡታል፣ በቃኝ እስኪል ድረስ ነው። አባቴ የተወለደው ማክሰኝት አጠገብ ካለ መንደር ነው። ልጅ ሳለ እቤታቸው የሰፈረው ተሰሪ ጎተራውን ጨርሶ ለዘር የተቀመጠውን ጤፍ አስፈጭቶ በላ። እናቱ እግሩ ላይ ወድቃ "ዘሩን ተውልን" ብላ ለምናው ነበር። በክረምቱ የሚዘራ አጥተው አገራቸውን ጥለው ጎንደር ገቡ። አባቴ ይህን ነገር ሲያወራ ድምፁ ከፍ አይልም፤ እጁ ብቻ ጋቢውን ይጨብጣል። እንግዲህ በኛ ጊዜ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ የነበረው ካምፕ ሻምበል፣ ከሩቅ አገር የመጣ የተማረ ሰው፣ ሽሮውንም፣ በርበሬውንም፣ ዘይቱንም ከከተማ ነጋዴ በገንዘብ እገዛለሁ ብሎ ተነሳ። ዘይቱን አባቴ ያዘ። በየመሥሪያ ቤቱ የተቀመጡ አንዳንድ የድሮ ሰዎች ግን አልወደዱለትም። "ወታደር እንደ ሴት እየሸመተ አገር ይጠብቃል? ገበሬው ይቀልበው እንጂ" እያሉ የሻምበሉን መሰናከል ይጠባበቁ ነበር። ሻምበሉ ከተሰናከለ ወታደሩ ወደ ገበሬው ጎተራ ይመለሳል ማለት ነው። አባቴ ይህን ያውቃል፤ ለዚህ ነው ያን ዘይት ከልጆቹ አብልጦ የሚጠብቀው።

የዚያን ዓመት ሁዳዴ ሊገባ ሲል ሌላ ጦር በአስመራ መንገድ መጥቶ ከነባሩ ላይ ተደረበ። የሚበላው ሰው በዛ፣ ዕቃ አነሰ። ልማዱ እንዲህ ነበር፤ ካምፑ የራሱን ባዶ ጣኒካ፣ ያ ላምባ የሚመጣበትን ባለ አራት ማዕዘን ቆርቆሮ፣ ይልካል፤ አባቴ ሞልቶ ይመልሳል። እንደምታውቁት ክርስቲያኖች የፍስክ ዕቃና የጾም ዕቃ ለየብቻ ነው ያላቸው፤ ቅቤ የነካው ድስት በሁዳዴ እሳት አያይም። በካምፑም የቅቤው ጣኒካ ሌላ፣ የዘይቱ ሌላ ነበር። የካምፑ ወጥ ቤት፣ አሥር አለቃ ደምሴ የሚባል ከሲታ የልጆች አባት፣ ቢጨንቀው ጊዜ በቅበላው ሰሞን ባዶ የሆነውን የቅቤ ጣኒካ በፍል ውሃ አለቅልቆ ከዘይቱ ጣኒካዎች ጋር ቀላቅሎ ላከ። አባቴ ደግሞ አንድም ቀን ሳያሸት የማይሞላው ሰውዬ፣ ያን ሰሞን ጉንፋን ይዞት አፍንጫው ተደፍኗል። እኔና እናቴስ? እኛ ሁዳዴ አንጾም፣ ቤታችን ቅቤ ሲሸት ነው የሚውለው፤ ማን ልብ ብሎ። እንዲህ ሆኖ ቅቤ የነካው ዘይት በጾሙ መግቢያ የወታደሩ ምስር ወጥ ውስጥ ገባ።

አንድ ሸበቶ ወታደር ጉርሻውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ ሽታው መጣበት አሉ። እንጀራውን መልሶ አስቀመጠና "ቅቤ ነው" አለ። የቀረው ሁሉ አሸተተ፣ ተነሣ፣ ገበታው እንዳለ ቀረ። ካምፑ ጦሙን ዋለ። ወሬው ማታውን አራዳ ደረሰ፣ ሲደርስ ደግሞ አድጎ ነው የደረሰው፤ "እስላሙ ነጋዴ ሆን ብሎ ወታደሩን አስገደፈው" ሆነ። በነጋታው ሱቃችን ሰው አልገባም። ከማጀት እሳት እንኳ የምንጫጫር ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን እያዩን እንዳላዩ ሆነው አለፉ። እናቴ ያን ቀን አንድ ቃል አልተናገረችም፤ እሷ ዝም ስትል ነው የፈራሁት።

ሻምበሉ አባቴን አስጠራው። እዚያ የሆነውን የሰማሁት ኋላ ከራሱ ከደምሴ ነው። ጣኒካዎቹ ተደርድረዋል፤ ሻምበሉ ተቀምጧል፣ ከጎኑ የካምፑ ቄስ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። አባቴ አንዱን ጣኒካ አነሣና አገላብጦ አየው። የካምፑ ምልክት አለበት። ቀና ሲል ከደምሴ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ደምሴ "ፊቴ አመድ መስሎ ነበር፤ አለቀልኝ፣ ልጆቼን ማን ያበላቸዋል እያልኩ ነበር" ብሎኛል።

"ሆን ብለህ ነው?" አለ ሻምበሉ።

"ጌታዬ፣ እኔም ረመዳን እጾማለሁ" አለ አባቴ። "ጾሜን ሊያስፈታኝ የሚመጣ ሰው ቢኖር ምን እንደምለው አውቃለሁ። የሰው ጾም አልነካም።"

"ታዲያ ቅቤው ከየት መጣ?"

"ዘይቱ የኔ ነው። ሳላሸት የሞላሁት እኔ ነኝ።"

ይኸው ነው ያለው። "አየህ አያ ሱሌማን፣ እኔ ከገበያ ልብላ ብዬ ብቻዬን ነው የቆምኩት" አለው ሻምበሉ። "ወታደሩ እስከ ቅዳሜ ካንተ ዘይት ካልበላ ቀለቡ ከገበሬው ይሰብሰብ የሚል ትእዛዝ ይመጣብኛል። ትእዛዝ ከመጣ እኔ ምን አደርጋለሁ?" ቄሱም "ልጆቹ ከእንግዲህ ከቆርቆሮ የወጣ ዘይት በአፋቸው አይዞርም" አሉ። አባቴ አሰብ አደረገና "ከአዲስ ሸክላስ? ምንም ነገር ገብቶበት ከማያውቅ?" አላቸው። ቄሱ "አዲስ ሸክላማ ሸጋ ነው። እኔ ራሴ ቆሜ አያለሁ" አሉ።

እቤት ሲመጣ እናቴ ያን ሁሉ ያጠራቀመችውን ዝምታ አወረደችበት። "ጣኒካው የነሱ መሆኑን አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። ምነው አፍህን ዘጋህ?" አባቴ ጫማውን እያወለቀ፣ "ዝም አይነቅዝም" አላት። "በጾም ወታደር ያስገደፈ ወጥ ቤት ምን እንደሚደረግ ታውቂያለሽ? ደግሞስ አፍንጫዬ የደምሴ ነው እንዴ?" እናቴ ተነሥታ የአህያ መጫኛ ፍለጋ ሄደች።

በነጋታው ሦስታችንም ወለቃ ወረድን። ወለቃ ያኔ የቤተ እስራኤሎች መንደር ናት፤ የጎንደር ሰው ከነሱ ሸክላ ይገዛል፣ ቤታቸው ገብቶ ግን አይቀመጥም፣ ስማቸውንም በክፉ ያነሣል። ሰው እንዲህ ነው፣ እንስራውን ወስዶ ሠሪዋን ይሸሻል። የአባቴ ደንበኛ ወርቄ የምትባል እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ የማይለየው ሴት ነበረች። ያላትን እንስራ ሁሉ፣ የጎረቤቶቿንም ጨምሮ እንደሚፈልግ ሲነግራት፣ "ምነው አያ ሱሌማን፣ ልጅህን ልትድር ነው?" ብላ ወደኔ ዓይኗን ጣለች። እኔ አፍሬ መሬት መሬት አየሁ። ለካምፑ ነው ሲላት ግን ሳቋ ጠፋ። "ወታደር እንስራ ይወስዳል እንጂ ይገዛል? እኔ አንዴ ቀምሻለሁ" አለች። "ገዢሽ እኔ ነኝ፤ እነሱ ደግሞ ከኔ ይገዛሉ" አላት አባቴ። ልጆቿን ጠርታ እንስራዎቹን አስወጣች። ስታስጭነን፣ "አዲስ ሸክላ መጀመሪያ ራሱ ይጠጣል፣ ኋላ ዘይቴ ብለህ እንዳታለቅስ" ብላ አስጠነቀቀችን። እውነቷን ነው። ስንሞላው ሸክላው ዘይቱን እንደተጠማ ሰው ማገው፤ እናቴ እየሞላች "ጠጣ፣ ጠጣ፣ የሱሌማን ቤት ነው" ትላለች። ያን ዕለት የባከነው ዘይት ለግማሽ ዓመት የቤት ወጪ ይሆነን ነበር።

ከዚያ ማድረሱ ደግሞ አለ። በማኪና ከተጫነ በዚያ መንገድ እየተንጓለለ ካምፕ ሳይደርስ ገል ይሆናል። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ በየጎረቤቱ ዞረች፤ የኛንም ሰፈር ሴቶች፣ ያን ሰሞን ፊት የነሱንን ክርስቲያኖችም አልማረችም። ደጃቸው ቆማ፣ "ኑ፣ ራሳችሁ አዝላችሁ አድርሱት፤ ስትሸከሙ ታሸቱታላችሁ" አለቻቸው። ወጡ። አንዳንዶቹ አፍረው፣ አንዳንዶቹም ለማየት ጓጉተው እንደሆነ አላውቅም፣ ብቻ ወጡ። በማለዳ እንስራ እንስራችንን አዝለን በፋሲል ግቢ አጥር ሥር፣ በፒያሳ በኩል ወደ አዘዞ መንገድ ወረድን። ጀርባዬ ተላልጦ ነበር፣ ነገር ግን እንዲያ ደስ ያለኝ ጉዞ የለም። ፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ የተቀመጡት ወንዶች ተነሥተው አዩን። ያን ቀን ያዩት ግን ሻሼን አልነበረም።

ካምፑ ግቢ ስንደርስ ወታደሩ ዙሪያውን ከቦ ቆመ። ቄሱ ጣታቸውን በየእንስራው እየነከሩ አሸተቱ። ደምሴ በአዲስ ድስት ሽንኩርቱን ሁሉም እያየው አቁላላ። እንፋሎቱ ሲነሣ ያ ሸበቶ ወታደር ጠጋ ብሎ ሳበው፣ ከዚያ እንጀራ ቆርሶ አጠቀሰና አኘከ። አባቴ መሬት ያያል። ሰውዬው ዋጠና "ኑግ ነው" አለ፣ ሌላ ጉርሻም ቆረሰ። ከዚያ ማን ይያዛቸው፤ ርቧቸው ኖሯል። ሻምበሉ ሲስቅ ያየሁት የዚያን ዕለት ብቻ ነው።

የቀለቡ ትእዛዝ ሳይመጣ ቀረ። ካምፑ መግዛቱን ቀጠለ፤ ዘይት ብቻ ሳይሆን ከመካነ ብርሃን ደገኞች የበሶ ገብስ፣ ከማክሰኝት ሰንጋ፣ ከሰፈራችን ሳሙናና ጨርቅ። ገበሬው መጀመሪያ ብሩ ወረቀት ሲሆንበት "ይህንን አይጥ ይበላብኛል፣ ጠገራውን፣ ማርትሬዛውን ስጡኝ" ይል ነበር፤ ውሎ አድሮ ወረቀቱንም ለመደው። ገበያው በሰፋ ቁጥር ኬላው ላይ የሚቆመው ማኪና በዛ፣ የወታደሩም ጫማ ታደሰ፣ ጠመንጃውም ተለወጠ። ከዚያ ካምፕ ወጥተው ባሕር ተሻግረው የዘመቱ አሉ፤ ሰንደቅ ዓላማ ይዘው ሲሰለፉ ሕዝቡ እልል ሲል እኔም እልል ብያለሁ። ሰው ግን ሰልፉንና ጠመንጃውን አይቶ ይመለሳል። ይህን ሁሉ በእግሩ ያቆመው ምን እንደሆነ የልጅ ልጆቼን ብጠይቃቸው ስልካቸውን ያያሉ። ገበያ ነው ልጆቼ። ያልተራበ፣ ያልሰረቀ፣ የገዛውን የበላ ወታደር ገበሬው አይሸሸውም፤ መንገድ ያሳየዋል፣ ልጁንም መርቆ ይሰጠዋል። ይህን መጽሐፍ አይደለም ያስተማረኝ።

ፋሲካ አልፎ በማግሥቱ ደምሴና ሁለት ወታደሮች አንድ ሙክት በግ እየሳቡ ደጃችን መጡ። ደምሴ ለንስሐ አባቱ የጣኒካውን ነገር ተናዞ፣ እሳቸውም "ለጓደኞችህም ንገር" ብለውት ተናግሯል። ሻምበሉም አልጨከነበትም፤ ማገዶ አሸክሞ ለቀቀው። "ስምዎን በሐሰት አንሥተናል፤ ተዋጥተን ያመጣነው ነው" አለ ደምሴ። "እኛ ያረድነውን እንደማትበሉ ስለምናውቅ በቁሙ አመጣነው።" እናቴ እንባዋ መጣ። አባቴ ግን ፊቱ ጠቆረ። ገመዱን ሳይቀበል "ከማን ወሰዳችሁት?" አለ።

"ገዝተነው ነው።"

"ከማን?"

"ቅዳሜ ገበያ፣ ከማክሰኝት ከመጣ ገበሬ። አያ ውበቱ ይሉታል።"

አባቴ አመሰገናቸው፣ አስገባቸው፣ ሻይ አጠጣቸው። በጉን ግን ጓሮ አሰረው። ቀን ሄዶ ቀን ሲተካ ቢላዋ አላነሣም። በጉ ከመጭመቂያው የወጣውን ፋጉሎ እየበላ እንደ ሙሽራ ይወፍራል፤ እናቴ "ሰውዬ፣ ልታርደው ነው ልትሞሽረው?" ትለዋለች። ቅዳሜ ሲደርስ አባቴ "ተነሽ፣ ገበያ እንውጣ" አለኝ።

አያ ውበቱን ከከብት ተራ አገኘነው፤ በትሩ ላይ ተደግፎ የቆመ ቁጡ ገበሬ። አባቴ ሰላምታ ሰጥቶ ቀጥታ ገባበት። "ወታደሮች በግ ወሰዱብህ ሲሉ ሰማሁ።"

"ማን ወሰደብኝ? ሸጥኩላቸው እንጂ።"

"ፈርተህ ነው?"

"ምን ያስፈራኛል?" ሰውዬው ተናደደ። "ደሞ አታስታውሰኝ። ከማለዳ እስከ ቀትር ነው ያቃጠሉኝ። ጥርሱን ከፍተው አዩ፣ ላቱን በእጃቸው መዘኑ፣ ተወዶብናል ብለው ጥለውኝ ሄዱ፣ ደግሞ ተመለሱ። የጠራሁትን ዋጋ አስረስተውኛል። እንደነሱ ያለ ንፉግ ገዢ በዕድሜዬ አላየሁም።"

"ወታደሩ ተከራከረህ?" አለ አባቴ።

"ተከራከረኝ ነው የምልህ።"

"እስቲ ድገመው።"

ገበሬው ወደኔ ዞሮ "ይህ ሰውዬ አመመው እንዴ?" በሚል ዓይን አየኝ። አባቴ እዚያው ከተደረደረው የኑግ ጆንያ አንዱ ላይ ተቀመጠ። እየሳቀ ነው ብዬ ነበር፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበርና። የጋቢውን ጫፍ ስቦ ዓይኑን ሲጠርግ ነው ያወቅኩት።

"ዘሩን ተውልን ያለችው እናቴ ይህን ብታይ ኖሮ" አለ። ከዚያ ተነሣ፣ የአያ ውበቱን እጅ በሁለት እጁ ጨብጦ ሳመው። እቤት እንደገባን ቢላዋውን አምጪ አለኝ።